አልነሳም ያለችው ላንድሮቨር

የሊቀመንበሩ ሚስት ቀለሟ ከተቀበረች በኋላም መኪናዋን የነካት አልነበረም። መርማሪ መቶ አለቃ ገብረመስቀል ከነቀምቴ ተነስቶ አርጆ ሲገባ፣ የጤና ጣቢያው ላንድሮቨር ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ሕዝብ ገፍቶ ባደረሳት ቦታ፣ አፍንጫዋን ወደ ቦዩ አዘንብላ ቆማ ነበር። ከኋላ ወለሉ ላይ የሴት ነጠላ ጫማ ቀርቷል፤ አንዱ እግር ብቻ። ያንንም ያነሳው የለም።

የቀበሌው ሊቀመንበር ደረሳ ከመኪናዋ አጠገብ ቆሞ ጠበቀው። ካኪ ለብሷል፣ ሽጉጡን ታጥቋል፣ ጢሙን ግን ከቀብሩ ወዲህ አልተላጨም።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ሚስቴ ምጥ ይዟት፣ ደም እየፈሰሳት፣ እዚህች መኪና ውስጥ ሞተች። እኔ ነቀምቴ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ነቀምቴ ሆስፒታል ሊያደርሷት ጫኗት፤ መኪናዋ አልነሳም አለች። በዋዜማው እንደ ፈረስ ስትሮጥ የዋለች መኪና! ይህ አሻጥር ካልሆነ ምንድን ነው?»

«ሾፌሩስ?»

«ዋጋሪ? ታስሯል። አሞኛል ብሎ ተኝቶ ነበር። በዚያች ጠዋት ብቻ አመመው፣ ገባህ?» ደረሳ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አሻጥር መሆኑን ጽፈህ ፈርምልኝ። ሌላውን እኛ እናውቃለን።»

ሌላው ምን እንደሆነ ገብረመስቀልም ያውቃል። የመርማሪ ፊርማ ያረፈበት እስረኛ በማግስቱ በሌላ መኪና ይወሰዳል። በዚያ መኪና ሄዶ የተመለሰ ሰው አርጆም ነቀምቴም አልታየም።

«መጀመሪያ መኪናዋን ልያት» አለ። ደረሳ ተቆጥቶ ዳገቱን ወጣ።

ከነቀምቴ መካኒክ ይዞ መጥቶ ነበር። ወልደገብርኤል ይባላል፤ ጉራጌ ነው፣ ነቀምቴ ጋራዥ ከከፈተ ቆይቷል፤ የጤና ጣቢያዎቹ መኪኖች ሁሉ ደንበኞቹ ናቸው። መንገዱን በሙሉ ሲቀልድ መጥቶ፣ መኪናዋን ሲያይ ቀልዱን ተወ። ያመጣውን ባትሪ አሰረ። ማስነሻውን ሞተሪኖ ሞከረ፤ ይዞራል። ሞተሩ ግን አይነሳም። ክላክሱ ጮኸ፣ መብራቱ በራ። አንድ ካንዴላ ነቅሎ ከብረት አስጠግቶ አስመታ፤ ብልጭታ የለም።

«ነዳጅ አላት፣ ሞተሪኖው ደህና ነው። እሳት የሚሰጠው ቦቢና ጋ ኮረንቲ አይደርስም። ስለዚህ ነው ገፍተዋት እንኳ እምቢ ያለችው። እስከ ነቀምቴ ቢገፏት አትነሳም ነበር» አለ።

«ኮረንቲው የት ቀረ?»

መካኒኩ ጎንበስ ብሎ እጁን ከሾፌሩ ወንበር ሥር ከተተ። አንዲት ቀጭን ድምፅ ተሰማች፤ ቀጭ። ቁልፉን አዞረው። ላንድሮቨሯ አንዴ ሳል ብላ ተነሳች።

በለቅሶ ላይ የነበረው መንደር ድምጿን ሰማ። ከጤና ጣቢያው መስኮት አንድ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ብቅ ብሎ ተመለሰ። ደረሳ ከቁልቁለቱ አናት እየሮጠ መውረድ ጀመረ።

«አጥፋት» አለ ገብረመስቀል። ከዚያም ቀስ ብሎ፣ «ወልደገብርኤል፣ ሽቦውን ተከትለህ አልፈለግህም። እጅህ ቀጥታ ሄደ። እጅህ ቦታውን ያውቀዋል።»

የመካኒኩ ፊት አመድ መሰለ። «እኔ ነኝ ያሰርኩት» አለ። «ስውር ማጥፊያ ነው። ዋጋሪ ለምኖኝ ነው። መኪናዋን ሲያቆም ያጠፋዋል፣ ሲነሳ ያበራዋል። ለሌባ ነው መቶ አለቃ። በማርያም!»

«የጤና ጣቢያ መኪና የሚሰርቅ ሌባ አርጆ ውስጥ ማን ነው?»

«ሌባ ሁሉ ተደብቆ አይመጣም» አለ ወልደገብርኤል፤ ዓይኑ ወደሚወርደው ደረሳ ሄዶ ተመለሰ። «ሲመሽ እሱና ጓዶቹ ለአብዮቱ ሥራ ነው ይሉና ነቀምቴ ወርደው ይጠጡባታል። አንዴ ደዴሳ ቁልቁለት ላይ ቦይ ከተዋት ተመለሱ። የታሰረው ማን ነው? ሾፌሩ። ከዚያ በኋላ ነው የመጣልኝ። ማጥፊያው ከገባላት ወዲህ አንድ ምሽት ሞክረው እምቢ አለቻቸው። ዋጋሪ አርጅታለች፣ ብርድ ሲነካት አትነሳም ብሎ ሸኛቸው።»

ገብረመስቀል የእጅ ባትሪውን አብርቶ ከወንበሩ ሥር አየ። ሽቦው የተጠቀለለበት ናስትሮ አቧራና ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። ለዚያች ጠዋት የተሠራ ነገር አይደለም። ሌላ ነገርም አየ። የወልደገብርኤል ክንድ የጠረገው ቀጥታ መንገድ አለ። ከሱ ግራና ቀኝ ደግሞ አቧራው በጣት ተዳብሷል። አንድ ሰው ከመካኒኩ በፊት እዚያ ሥር አንድ ነገር ሲፈልግ ነበር።

ዋጋሪ የታሰረው ቀድሞ የጸሎት ቤት በነበረው፣ አሁን የቀበሌው እህል መጋዘን በሆነው ቤት ውስጥ ነው። ከጆንያዎቹ መሀል ተኝቷል። ወባው ገና አልለቀቀውም፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል።

«አካም ጂርታ?» ብሎ ደህንነቱን በኦሮምኛ ጠየቀው ገብረመስቀል። ነቀምቴ ብዙ ዘመን ኖሯልና አስተርጓሚ አያስቀርብም፤ በዚህም ትንሽ ይኮራል።

ዋጋሪ በአማርኛ መለሰ። «ደህና ነኝ ልበል?»

«ማጥፊያው ያንተ ነው።»

«የኔ ነው።»

«የጤና ጣቢያው ድሬሰር ሽብሩ የመኪናዋን ቁልፍ ሊወስድ ሲመጣ ስለሱ ነገርከው?»

«ነግሬዋለሁ።»

«በምን ቃል?»

«ትኩሳት ላይ ነበርኩ፣ ቃሉን አላስታውስም። መንገሬን ግን አውቃለሁ። እሱን ነግሬ ነው አረፍኩ ብዬ የተኛሁት።»

«ስትነግረው የሰማ አለ? ሚስትህስ?»

«ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ነበር።»

«ከደረሳ ጋር ቂም አለህ ይባላል።»

«አለኝ» አለ ዋጋሪ ወዲያው። «አልዋሽህም። ከቀለሟ ጋር ግን ቂም የለኝም። ይህ ቤት የጸሎት ቤት ሳለ፣ እዚያ ጥግ ከአንድ የመዝሙር ወረቀት አብረን ዘምረናል።» ቀና ብሎ፣ «ልጁስ?» አለ። እስካሁን የነገረው አልነበረም።

ገብረመስቀል አልተረፈም ሲል ራሱን ነቀነቀ። ዋጋሪ ፊቱን ወደ ጆንያው አዞረ። «የቆለፍኳት እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ነኝ የቆለፍኳት።»

ድሬሰር ሽብሩ ከመንዝ ተመድቦ ከመጣ ዓመት አልሞላውም። ከሾፌሩ ሌላ ጤና ጣቢያው ውስጥ መንዳት የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ገብረመስቀል ሲገባ መርፌ እየቀቀለ ነበር፤ የመቀቀያው ውሃ አልቆ ብረቱ ይጤሳል፣ እሱ ግን አላየውም።

«ድስትህ ተቃጠለ።»

ሽብሩ ደንግጦ አወረደው።

«ዋጋሪ ስለ መኪናዋ ምን አለህ?»

«ምንም። ቁልፉን ከትራሱ ሥር አውጥቶ ሰጠኝ፤ ሮጥኩ።»

«አንድ ቃል እንኳ?»

«ስለ ማጥፊያ አንድ ቃል አልነገረኝም። በእግዚአብሔር ስም።»

«ኦሮምኛ ትሰማለህ?»

«እየተማርኩ ነው። በሽተኛው ሁሉ በሱ ነው የሚናገረው። የት ያምሃል፣ መቼ ጀመረህ... የቀረውን እገምታለሁ።»

«ከወንበሩ ሥር ፈልገህ ነበር?»

«ለምን እፈልጋለሁ?» አለ ሽብሩ። ጥያቄው ሳያልቅ ነበር መልሱ የወጣው።

ገብረመስቀል መልሱ መፍጠኑን ልብ ብሎታል። ሆኖም የሾፌሩን ቃል የሚደግፍ ሰው የለም። ወደ ቀበሌ ሲመለስ ደረሳ «እሺ?» ብሎ ያዘው፤ እሱም ሳያስብ፣ «ዋጋሪ ነግሬዋለሁ ይላል፤ ድሬሰሩ አልነገረኝም ይላል» አለው። በሥራው ላይ እንደዚያ ዓይነት ቃል ለእንደዚያ ዓይነት ሰው አይሰጥም። ሻይ ጠጥቶ ሲወጣ ከመጋዘኑ በኩል የዱላ ድምፅ ሰማ። ሮጦ ደርሶ አስቆማቸው። ዋጋሪ መሬት ላይ ነበር። አንዱ ዘብ፣ «ውሸታም ነው ብለሃል አሉ እኮ» አለው፤ እንደ ማስረዳት አድርጎ።

«እኔ እንዲህ አላልኩም።»

«እና ምን አልክ?»

ያለውን ለራሱ ደግሞ ሲሰማው፣ ውሸታም ነው ከማለት የተለየ አልነበረም።

ደረሳም መጣ። «ነገ መኪና ከነቀምቴ ይመጣለታል። ብትፈርምም ባትፈርምም» አለ።

ከዚያ ገብረመስቀል ወደ ለቅሶው ዳስ ሄደ። የሟች እናት አዴ ድርቤ ከል ለብሳ መሬት ላይ ተቀምጣለች። እሱም መሬት ላይ ተቀመጠ።  እሷ ናት የጀመረችው።

«አንተ ያ ከነቀምቴ የመጣኸው ነህ? ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ማንም እኔን አልጠየቀም። እኔ እኮ ውስጥ ነበርኩ። ራሷን ይዤ።»

«ይንገሩኝ፣ እማማ።»

«ያዞረዋል፣ ይጮሃል፣ አይነሳም። ያዞረዋል፣ ይጮሃል። ከዚያ ያ ድሬሰር ወረደና እዚያ ወንበሩ ሥር እጁን ሰዶ ዳበሰ፣ ዳበሰ። ምን ጠፋህ አልኩት። የለም አለ። ምኑ እንደሌለ እኔ አላወቅሁ። ከዚያ ሰው ጠርቶ ማስገፋት ጀመረ። ልጄም ሰዉ ደከመ፣ ተዉት አለች። ሰዉ ደከመ፣ ብላ ነው የሄደችው። እስከዚያ ድረስ ለሌላ ሰው ታስብ ነበር።»

ገብረመስቀል ከዳሱ ሲወጣ ሐሳቡ ተለውጦ ነበር። ሽብሩ ዋሽቷል። እጁ ከወንበሩ ሥር ገብቷል፤ እዚያ የሚፈለግ ነገር እንዳለ ያውቅ ነበር ማለት ነው። አውቆ ያላበራው ሰው ደግሞ ገዳይ ነው። ምክንያቱንም ለማግኘት ብዙ አልደከመም። ደረሳ ድሬሰሩን ውይይት ክበብ ቀረህ ብሎ በገበያ መሀል በጥፊ መትቶት እንደነበር ሁለት ሴቶች ሳይጠየቁ ነገሩት። አንደኛዋ እንደውም በጥፊው ድምፅ እየሳቀች ነበር።

ጉዳዩ ተዘጋ፣ ብሎ አሰበ። ቦርሳውን አስቀምጦ፣ ካቴናውን ይዞ ሊመለስ ወደ ማረፊያው ሄደ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። የሚያድርበት ቡና ቤት ባለቤት የሺአረግ ደጅ ላይ ቆማ ሽንኩርት ከሚሸጥ ገበሬ ጋር ትከራከራለች። አባቷ የጎጃም ሰው ነው፤ እሷ ግን አርጆ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ክርክሩን ግማሹን በኦሮምኛ፣ ስድቡን በአማርኛ ታደርገዋለች።

«የሺአረግ፣» አላት፣ እንደ ልማዱ በኦሮምኛ፣ «ቁልፊ ናፍ ፊዲ።» ቁልፍ አምጪልኝ ማለቱ ነው።

ገብታ ወጣች። በጣቷ ላይ ያንጠለጠለችው አንድ ትልቅ የዛገ ጓጉንቸር ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ያልከው ነዋ!»

«የክፍሌን ቁልፍ ነው ያልኩሽ።»

ገበሬው ቀድሞ ሳቀ። የሺአረግም ጓጉንቸሩን እያወዛወዘች ሳቀች። «ጋሼ መቶ አለቃ፣ ቁልፊ አላልከኝም? ቁልፊ ይኸው! ቁልፊ ማለት መቆለፊያው ነው፤ መክፈቻውን ከፈለግህ ፉርቱ በል። አፍህ ኦሮምኛ ይናገራል፣ ሆድህ አማርኛ ያስባል። ስንት ዓመትህ ነው ነቀምቴ? ይህንን ሳታውቅ ነው እስረኛ ስትመረምር የኖርከው?»

እሱም ሊስቅ አፉን ከፍቶ ነበር። ሳይስቅ ቀረ። ጓጉንቸሩን ከእጇ ወስዶ አገላብጦ አየው። ከዚያ ቦርሳውን እዚያው ደጅ ላይ ጥሎ ወደ መጋዘኑ ሄደ።

ዋጋሪ በጎኑ ተኝቶ ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ያንን ከወንበሩ ሥር ያለውን፣ ስሙን ምን ትለዋለህ?»

«ወልደገብርኤል ማጥፊያ ይለዋል።»

«አንተስ?»

«እኔማ ቁልፊ ነው የምለው» አለ ዋጋሪ። «መኪና የሚቆልፍ ነገር፣ ሌላ ምን ይባላል?»

ሽብሩ ጤና ጣቢያው ደረጃ ላይ ተቀምጦ አገኘው። ሥራው አልቋል፤ ቤቱ ግን አልሄደም። ገብረመስቀል ካቴናውን አላወጣም። አጠገቡ ተቀመጠ።

«ሽብሩ፣ ዋጋሪ ስለ ማጥፊያ አልነገረህም። እውነትህን ነው። ስለ ቁልፍስ ምን አለህ?»

ድሬሰሩ ዞሮ አየው። ከዚያ ጋዋኑን ወደ አፉ ወስዶ ነከሰው።

«ቁልፊን ቴሶ ጀላ ጂራ» አለ ቀስ ብሎ። «ቁልፉ ከወንበሩ ሥር ነው። ሰምቻለሁ፤ ቃል በቃል ሰምቻለሁ፤ ተምሬ የለ! ቁልፉ እኮ በእጄ ነበር መቶ አለቃ። አሁን የሰጠኝ ራሱ ነው። ትኩሳቱ ነው፣ ይቃዣል አልኩ። እሺ እሺ ብዬ ሮጥኩ።»

«በኋላ ግን ዳበስክ።»

«እምቢ ስትል፣ ምናልባት ሌላ ቁልፍ አላት፣ ትክክለኛው እሱ ይሆናል አልኩ። ዳበስኩ። የምፈልገው ቁልፍ ነው፤ ጥርስ ያለው ቁልፍ።» እጁን ዘርግቶ ጣቶቹን አያቸው። «አንዲት ትንሽ ብረት ነካሁ። ነክቻታለሁ። የወንበሩ ብሎን መሰለችኝ፤ ቁልፍ አይደለችም ብዬ አለፍኳት።»



«መቼ ገባህ?»

«ዛሬ። መካኒኩ ሲያስነሳት በመስኮት አየሁት። እጁ የገባው የኔ እጅ የገባበት ነው።»

«ከዚያ በኋላ ነው የጠየቅሁህ። ዋጋሪ ሊሞት እንደሆነ እያወቅህ አንድ ቃል አልነገረኝም አልክ።»

«አዎ። ምን ልበል? የማላውቀውን ቋንቋ አውቃለሁ ብዬ ሴትዮዋን ከነልጇ ገደልኩ ልበል? ለደረሳ?» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «እሰረኝ። እባክህ እሰረኝ።»

«ለሐሰት ቃልህ እከስሃለሁ። ለሌላው ክስ የለኝም» አለ ገብረመስቀል። ስለራሱ ምንም አላለም። ቀን ለደረሳ ያለው ግን ደረቱ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ የዋጋሪን ጀርባ አይቶታል። «ወረቀቴ ብቻውን ዋጋሪን አያድነውም። ነገ ሳይነጋ ሊወስዱት ይችላሉ። የነገርከኝን ደረሳ ፊት ትናገራለህ።»

«ይገድለኛል።»

«አይገድልህም ልልህ አልችልም። አጠገብህ እቆማለሁ።»

ዳሱ ሙሉ ነበር። ሽብሩ ከአዴ ድርቤ ፊት ተንበርክኮ ተናገረ።  ደረሳ ተነስቶ ቆመ፤ እጁ ከሽጉጡ ላይ ነው። ገብረመስቀል አንድ እርምጃ ወደ ሽብሩ ተጠጋ።

ደረሳ ግን ሽብሩን አላየውም። «መኪና የሚቆልፈው ምን ቢሆን ነው?» አለ። «የጤና ጣቢያ መኪና! ከማን ፈርቶ ነው የቆለፋት? ከማን?»

አብረውት የሚጠጡት ጓዶች መሬት መሬት አዩ።  ገብረመስቀልም ሊናገር አስቦ ተወው፤ ዳሱ በዝምታው መልሷል። ደረሳ አንድ በአንድ አያቸው፤ የመጨረሻው ሰው ዓይኑን ሲሰብር እጁ ከሽጉጡ ላይ ወረደ።

«ደረሳ» አለች አዴ ድርቤ። ስሙን ብቻ ነው የጠራችው።

ከዳሱ ወጥቶ ሄደ። ገብረመስቀል ተከተለው። መጋዘኑ ደጅ ሲደርሱ ደረሳ ዘቦቹን ገፍቶ በሩን ራሱ ከፈተ። ዋጋሪ በሩን የሞላውን ሰውና ወገቡ ላይ ያለውን መሣሪያ አይቶ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ቆመ።

«ባኢ» አለው ደረሳ። ውጣ ማለት ነው። 

«እሺ» አለ ዋጋሪ። «ትንሽ ልጸልይ።»

አንዱ ዘብ ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ ደረሳ እጁን አነሳበት። ይህን ቤት ያስዘጋው ደረሳ ነው፤ መዝሙሩን ያስቆመው እሱ ነው። አሁን ደፉ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ዋጋሪ በቋንቋው ጸለየ፤ የቀለሟን ስም ጠራ፣ ያልተሰየመውን ልጅ ስም ሳይሰጠው አነሳ፣ ከሰው ፈርቶ ስለቆለፈው ነገር ይቅርታ ለመነ። ገብረመስቀል ሁሉንም ቃል መረዳቱን ከእንግዲህ አያምንም ነበር፤ የደረሳ ስም ሲነሳ ግን ሰማ። ደረሳም ሰማ።

«አሜን» አለ ዋጋሪ።

«ቤትህ ሂድ» አለው ደረሳ።

ዋጋሪ አላመነውም። በመሀላቸው አልፎ ሜዳውን ሲሻገር አልሮጠም፣ አልዘገየምም፤ ትከሻዎቹን ሰብስቦ፣ ከኋላው የሚመጣውን ጥይት እየጠበቀ ነበር የሚራመደው። ደረሳ ያንን ጀርባ፣ በአጥሩ ተከልሎ እስኪጠፋ ድረስ፣ ዓይኑን ሳይነቅል አየው።

«መቶ አለቃ፣» አለ በመጨረሻ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «እኔንስ ምን ብለህ ትጽፈኛለህ?»